ሳሎን ውስጥ የገባው ዳገት

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ መልስልኝ፦ የገዛ አባትህ ከቤት እንዳይወጣ ለማድረግ ምን ያህል ብረት ያስፈልግሃል?

አትሳቅ። የወንድሜ ልጆች ልኩን ያውቁታል። ሁለት ጎረምሳ ተሸካሚዎች እያለከለኩ በደረጃው ያወጡት፣ ሳሎን ውስጥ በመስኮቱና በመጽሐፍ መደርደሪያው መካከል የተተከለው ማሽን ይበቃል። የገዙት ከክፋት አይደለም፤ ከፍቅር ነው። እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ከክፋት ቢሆን ኖሮ ሰድቤያቸው በተገላገልኩ ነበር።

ወንድሜ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር። በአረንጓዴ ብስክሌቱ የከተማችንን ጓሮና ጉራንጉር ሲያዳርስ ኖሯል። ያኔ በየመንገዱ ጠርዝ በነጭ ቀለም የተሰመረ የብስክሌት መስመር ነበር። ጠዋት ጠዋት ነርሱ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ አስተማሪው፣ ሁሉም በዚያ መስመር ተከታትለው ሲያልፉ የደወላቸው ድምፅ በመስኮት ይገባ ነበር። እኔ ትምህርት ቤት የሄድኩት በወንድሜ ብስክሌት የኋላ መቀመጫ ላይ ተቀምጬ፣ ጃኬቱን ጨምድጄ ይዤ ነው። ዳገቱ ጋ ስንደርስ "ትንፋሽሽን ያዢ፣ ቀለል ትይልኛለሽ" ይለኛል። እኔም አምኜው ጉንጬን ነፍቼ እስከ ጫፍ እደርሳለሁ። ዛሬ ማን እንዲያ በቀላሉ ያሞኘኛል? ማንስ እንዲያ ያስደስተኛል?

ጡረታ ከወጣ በኋላም ብስክሌቱን አልተወም። እሑድ እሑድ ከድሮ ጓደኛው ጋር ከከተማው ጀርባ እስካለው የውሃ ማጠራቀሚያ ድረስ ይነዱ ነበር። ጓደኛው ጂኦግራፊ ሲያስተምር ስለኖረ "ካርታው" እንለዋለን። ካርታው ሁልጊዜ ይቀደማል፤ ሁልጊዜም ምክንያት አያጣም። አንዴ ንፋሱ ነው፣ አንዴ ቁርሱ ከብዶት ነው፣ አንዴ ወንድሜ ሳይነግረው ጀምሮ ነው። እላይ ሲደርሱ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የተነታረኩት ንትርክ እስከሚቀጥለው እሑድ ስንቅ ይሆናቸዋል።

ባለፈው ዓመት ግን ነጩ መስመር ላይ ተደርድረው ከቆሙት መኪኖች የአንዱ በር ድንገት ተከፈተና ወንድሜን መሬት ላይ ጣለው። ክንዱ ተሰበረ። ሐኪሙ ጄሶውን የፈታለት ቀን "አባቴ፣ ፔዳል መምታቱንም ከቤት መውጣቱንም እንዳይተዉ፤ ለልብዎ ከኔ ኪኒን ይበልጣል" አለው። ልጆቹ የሰሙት ግማሹን ብቻ ነው።

"አባዬ፣ መንገድ በቃ!" አለች ፋርማሲስቷ ልጁ። "ዕድሜህን እወቅ እንጂ!"

"ዕድሜዬንማ አውቀዋለሁ። በሩን የከፈተው ግን ዕድሜዬ አይደለም።"

ይህችን አረፍተ ነገር ማንም አላነሳትም። ወንድ ልጁ፣ የኮምፒውተር ባለሙያው፣ ስክሪን ገልጦ ማስረዳት ጀምሮ ነበር። "ስማርት ትሬነር ይባላል፣ አባዬ። የኋላ ጎማውን ታወልቅና ብስክሌቱን እዚህ ማሽን ላይ ትሰካዋለህ። መንገዱ ኮምፒውተሩ ላይ ይታይሃል። ዳገት ሲመጣ ማሽኑ ራሱ ይከብድብሃል፤ ቁልቁለት ሲሆን ይለቅሃል።"

"ንፋስስ አለው?"

"ማራገቢያ እንገዛለን።"

"ውሻስ?"

"አባዬ!"

"ምን ላድርግ ልጄ፣ ውሻ ካላባረረኝ ፍጥነት ከየት አመጣለሁ?"

እኔ ሳቅኩ። ልጅቱ ገላመጠችኝ። "አክስቴ፣ አንቺ ደግሞ አታበረታቺው!"

እንግዲህ ምርጫው እንዴት እንደተካሄደ ስማ። ልጁ ቀኑን ሙሉ የተጨነቀው ስለ ኮምፒውተሩ ነው። ምስሉን የሚያወጣው ካርድ ይህን ያህል ጉልበት ይኑረው፣ ስክሪኑ ግድግዳውን ይሙላ፣ ምስሉ እንዳይንቀጠቀጥ። ለዚህ ሥራ መካከለኛ ኮምፒውተርና ደህና ኢንተርኔት እንደሚበቃ አንብቤ ነግሬዋለሁ፤ ጆሮ አልሰጠኝም። ልጅቱ የተጨነቀችው ስለ ድምፁ ነው፤ ታች ያሉት ጎረቤቶች እንዳይበሳጩ ጸጥ ያለውን ማሽን መረጠች። ይሁን፣ ይህ መልካም ነው። ግን ማሽኑ ላይ የሚሰካውን ብስክሌትና ብስክሌቱ ላይ የሚቀመጠውን ሰው ያሰበ አልነበረም።

"ብስክሌቴን ለክታችሁታል?" አለ ወንድሜ ገና ሳይገዙ።

"ብስክሌት ብስክሌት ነው፣ አባዬ። አንተ አትጨነቅ።"

"አንተ አትጨነቅ!" ይህችን ቃል እጠላታለሁ። አንድን ሰው ገና በሕይወት እያለ ከገዛ ጉዳዩ የምናስወጣበት ጨዋ ስድብ ናት።

ማሽኑ መጣ። አሮጌው ብስክሌት አልገጠመም። የድሮ ብስክሌት ጎማ የሚታቀፍበት የኋላ እግሩ ጠበብ ያለ ነው፤ የማሽኑ አክስል፣ ብስክሌቱ የሚሰካበት ዘንግ፣ ደግሞ ሰፊ። ሰው ቢጠይቅ፣ በሜትር ቢለካ የሚታወቅ ነገር ነበር። ልጁ ግን አፈረ መሰለኝ፣ አባቱ ሳያይ ብስክሌቱን መኪናው ላይ ጭኖ በያጅ ዘንድ ወሰደውና "ትንሽ ክፈትልኝ" አለ። በያጁ ፈለቀቀው። መቀመጫው ሥር፣ ቱቦዎቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ብረቱ ተሰነጠቀ።

ወንድሜ ሲያየው አልተቆጣም። በአውራ ጣቱ ስንጥቁን ከላይ ወደ ታች ዳሰሰውና "አክስትህን ትምህርት ቤት ያመላለስኩት በዚህ ነው" አለ። ቢቆጣ ይሻል ነበር። እኔ ግን የሁለታችንንም ድርሻ ልጁ ላይ ጮህኩ።

ለማሽኑ የሚሆን አዲስ ብስክሌት ተገዛ። አዎ፣ ልክ ነው ያነበብከው፦ ብስክሌት የተገዛው ለማሽኑ ነው። ወንድሜ ልጆቹን ላለማሳዘን ወጣበት። ስክሪኑ ላይ በረዶ የለበሰ ተራራ መጣ። የራስ ቁር ያጠለቀች አንዲት ትንሽ ምስል፣ እሱ መሆኗ ነው፣ ሽቅብ መግፋት ጀመረች። ሌሎች ምስሎች እያለፏት ሄዱ። እሑድ ካርታው መጣና ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ።

"ዛሬስ ቀደምኩህ?" አለው።

"ተቀምጠህ እንኳ ኋላ ነህ" አለ ወንድሜ። ሳቁ። ከዚያ ግን የሚነታረኩበት አጡ። ንፋስ የለ፣ ቁርስ የከበደው የለ። ካርታው ሰዓቱን አይቶ ተነሣ።

ብዙም ሳይቆይ ማሽኑ የፎጣ መስቀያ ሆነ። ወንድሜ መስኮት ሥር ተቀምጦ መዋል ጀመረ። ደረጃ ሲወጣ መሐል ላይ ያርፋል። ልጅቱ የልብ ምቱን ለካችና ከንፈሯን ነከሰች።

"ይኸው ሰነፈ" አለችኝ ኩሽና ውስጥ። "ሁሉን ነገር አሟልተንለት!"

"ሰነፈ አትበዪ! ጠይቂው! አንድ ቀን እንኳ ጠይቂው!"

ጠየቀችው። እሱም ፈገግ አለና "ልጄ፣ ያ ተራራ የማን እንደሆነ አላውቅም። የማውቀው በር የለበትም። ሰላም የሚለኝ የለበትም። ወደ ማጠራቀሚያው የሚወስደው መንገድ ቢኖረው እሞክረው ነበር" አላት።

ልጁ ከተቀመጠበት ተነሣ። "የራስን ቪዲዮ መጫን ይቻላል! እኔ ቀርጬ አመጣልሃለሁ።" አዲሱን ብስክሌት ከማሽኑ ፈታው፣ የኋላ ጎማውን መለሰለት፣ ካሜራ መሪው ላይ አሰረ። ከመሐል ከተማ ተነሥቶ ወደ ማጠራቀሚያው፣ ከዚያም ተመልሶ እስከ አባቱ ደጃፍ ሊቀርጽ ከካርታው ጋር ተስማማ። ካርታው ከፊት መራው።

ሲመለስ ፊቱ ነጥቶ፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር። ውሃ ጠጣ። "ፊልሙን እዩት" ብቻ አለ።

ብስክሌቱ እንደገና ተሰካ። ወንድሜ ወጣበት፤ ሁላችንም ከኋላው ቆምን። መንገዱ ሲመጣ እግሩ ራሱ ፔዳሉን አገኘው። "ይቺ ሰማያዊ በር፣ ቆጣሪው ከጽጌረዳው ሥር ነበር፤ እጄን ሳልቧጨር ወጥቼ አላውቅም። እዚህ ጋ የነበረው ውሻ እኔን ሲያይ ብቻ ነው የሚጮኸው፤ ሌባን ግን ዝም ብሎ ያስገባል!" ካርታው ስክሪኑ ላይ ከፊቱ ሲሄድ ሲያየው "ቀድሞኛል እኮ! በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ!" ብሎ ፔዳሉን ረገጠው። ካርታው ከጎናችን ሆኖ "በማስረጃ ተይዟል!" አለና ጉልበቱን መታ።

ግን ሁላችንም ሌላም ነገር አየን። ነጩ መስመር አይታይም። በፊልሙ ሙሉ መኪና ቆሞበታል። ምስሉ ወደ መሐል መንገድ ይወጣል፣ የከባድ መኪና ጥሩምባ ይጮኻል፣ ወደ ጠርዝ ይመለሳል፣ በር ይከፈታል፣ ልጁ ይጮኻል፣ ምስሉ እንደገና ወደ መሐል ይወጣል። ልጅቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

የመጨረሻው ላይ የወንድሜ ደጃፍ መጣ። እዚያም ነጩ መስመር ላይ አንዲት ግራጫ መኪና ቆማ መንገዱን ዘግታለች። ወንድሜ ፔዳሉን አቆመና በጣም ሳቀ።

"ይህችን መኪናስ አውቃታለሁ!"

የልጁ መኪና ነበረች። አባቱን ሊጠይቅ በመጣ ቁጥር የሚያቆማት እዚያው ነው። የዚያን ቀንም እዚያው አቁሟት ነበር የወጣው።

ልጁ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። ከዚያ "አባዬ፣ ያሰርነው ሰውዬውን ነው፤ መታሰር የነበረባቸው መኪኖቹ ነበሩ" አለና ቁልፉን ይዞ ወረደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪናውን ራቅ ካለው የሕዝብ ማቆሚያ ትቶ በእግሩ ይመጣል። ልጅቱም ከአባቷ ጋር ለመውጣት ለራሷ ብስክሌት ገዝታለች፤ ከሐኪሙ ምክር ሌላኛው ግማሽ አሁን ገባት።

ማሽኑን አልረግምም። ዝናብ ሲጥል ወንድሜ የራሱን መንገድ ይነዳበታል፤ ጥሩ ነገር ነው። ትሬነር ልትገዛ ካሰብክ ግን መጀመሪያ ሰውየውን ጠይቅ፣ ቀጥሎ ብስክሌቱን ለካ፣ ኮምፒውተሩን በመጨረሻ አስብበት። አሮጌው አረንጓዴ ብስክሌት ተመልሶ መንገድ ላይ አይወጣም፤ ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ስንጥቁ ወደ ውጭ ዞሮ እንዲታይ ወንድሜ አዟል። "አንተ አትጨነቅ" ለማለት አፉን የሚከፍት ሁሉ ቀና ብሎ ይየው።

አሁን ደግሞ ወደ እርስዎ ልምጣ፣ የከተማችን የመንገድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ። ነጩ መስመር በራሱ አልጠፋም። ለመኪና ማቆሚያነት የፈቀደው አንድ ሰው፣ ወይም እያየ ዝም ያለ አንድ ሰው አለ። በመጪው እሑድ ፊልሙን በከተማው አዳራሽ ግድግዳ ላይ፣ ከመጀመሪያው እስከ ግራጫዋ መኪና ድረስ እናሳያለን፤ የወንድሜ ልጅ ስለ ራሱ ቆሞ ይናገራል። ከፊት አንድ ወንበር ተይዞልዎታል። የድምፅ ማጉያውን ይቀበሉና በሕዝብ ፊት ይመልሱልን፦ ያንን መስመር ማን ወሰደው? መቼስ ይመለሳል?