የቀዘቀዘው ጀሪካን

ከሎጊያ በአዳይቱ መንገድ የግማሽ ሰዓት ጉዞ ላይ የከባድ መኪና ሾፌሩ ስዩም ጭንቅላቱን በጎማ መፍቻ ተመትቶ ተደፍቷል። ኢንስፔክተር አስረሳች ስትደርስ ደሙ ገና አልደረቀም ነበር። በዚያ ሐሩር ደም ለመድረቅ ጊዜ አይፈጅበትም፤ ገዳዩ ከሄደ ብዙም አልቆየም።

መፍቻው የሎጊያው መካኒክ የአብዱናሲር ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ሎጊያ ስትገባ የአካባቢው ፖሊሶች በካቴና አስረውት ጠበቋት። የመውለጃ ቀኗ የደረሰው ሚስቱ ሂያም ከነኢማ ምግብ ቤት ዳስ ሥር ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«ትናንት ከስዩም ጋር ተጣልተሃል» አለችው አስረሳች።

«ተጣልቻለሁ። ወላሂ አልገደልኩትም! ጠዋት ብቻዬን ሰመራ ዕቃ ልገዛ ሄጄ ነበር። መፍቻውን ስዩምና አትክልት ናቸው የተዋሱኝ።»

አትክልት ከስዩም ጋር አንድ መኪና እየተፈራረቀ የሚነዳ፣ ከልክ በላይ ትሑት ሰው ነው።

«ስዩም ጠዋት በሌላ መኪና ሄደ። የኛዋ ከአንድ ሰዓት ጀምሮ እዚሁ ጸሐይ ላይ እንደቆመች ናት» አለ። «ደክሞዎታል፣ ኢንስፔክተር፤ ውሃ ይጠጡ።»

እንግዳ ሳያጠጡ ማነጋገር በሾፌር ወግ ነውር ነው። ከመኪናው ጎን ከተንጠለጠለው፣ እርጥብ ጆንያ ከለበሰው ጀሪካን ቀድቶ ሰጣት። ሞተሩን መዳሰስ ከንቱ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ሎጊያ ውስጥ የማይፋጅ ብረት የለም። ውሃው ግን ቀዝቃዛ ነበር። አስረሳች የአዋሽ ሰባት ኪሎ ሾፌር ልጅ ናት፤ አመስግና በሰልፍ የቆሙትን መኪኖች ጀሪካን እየዞረች ቀመሰች።

«ነኢማ፣ በረዶ ትሸጫለሽ?»

«ከየት አምጥቼ? መብራት ከጠፋ ሁለት ቀኑ፤ ፍሪጄ ቁም ሳጥን ሆኗል!»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ዳሱ ሥር ሰበሰበችና ሦስት ጀሪካን አስቀመጠች።

«ከአንድ በርሜል የተቀዱ ናቸው፤ ሦስቱም እርጥብ ጆንያ ለብሰዋል። ይኼ ለአንድ ሰዓት ጸሐይ ላይ ቆመ።»

ነኢማ ቀመሰችው። «ሻይ ቅጠል ብቻ ነው የቀረው።»

«ይኼ ጥላ ሥር ነበር።»

«ለብ ያለ ነው።»

«ዙሪያው በጋለ ቁጥር ውሃ ለመብረድ ይቸገራል። ሦስተኛው ግን የፖሊስ መኪናችን ጎን ተንጠልጥሎ፣ ለአንድ ሰዓት ስንነዳ ነፋስ ሲመታው ነበር።»

አብዱናሲር በታሰሩ እጆቹ ተቀብሎ ጠጣ። «ቀዝቃዛ ነው!»

«አትክልት፣ የቆሙት መኪኖች ውሃ ሁሉ ትኩስ ነው፤ በረዶም የለም። ያንተን ያቀዘቀዘው የመንገድ ነፋስ ነው። ረፋድ ላይ ሄደህ ተመልሰሃል።»

አትክልት መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ባለፈው ወር ስዩም የወደቀበት ቦታ ሴት ገጭቼ ገድዬ አመለጥኩ። ስዩም ለፖሊስ እናገራለሁ አለ። ቦታው ድረስ ወስጄ ለመንኩት፤ እምቢ አለኝ።»

«ሴትየዋ መንገድ ዳር ምን ትሠራ ነበር?»

«ባዶ ጀሪካን ከፍ አድርጋ... ውሃ ስጡኝ እያለች ነበር። ላለመቆም ብዬ ፍጥነት ጨመርኩ።»

ካቴናው ከአብዱናሲር እጅ ወደ አትክልት እጅ ተዛወረ። ሂያም ባሏ አንገት ላይ ተጠመጠመች። አስረሳች ግን ደስታቸውን ቆማ ማየት አልቻለችም። ያቺ ሴት ለምና የሞተችበትን ውሃ እሷ ከአትክልት እጅ ሳትለምን ጠጥታዋለች።