የፍቅረ ሥላሴ እንቁላል

ልጆች፣ የእጅ ጽሑፌ ስለማያምር ይቅርታ አድርጉልኝ። ፊደልም እስታለሁ፤ ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። ፊታችሁ ቆሜ መናገር ስለማፍር ታሪኩን ደብተር ላይ ጻፍኩት። ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ወይንእሸት የአሥር ዓመት ልጅ ናት። ቤታቸው ቢቸና፣ ከእህል ገበያው ጀርባ ነው። እናቷ ማናለሽ ጤፍ ትሸጣለች። ፍቅረ ሥላሴ የሚባል የዓመት ከመንፈቅ ወንድም አላት።

ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ማናለሽ ጠዋት ጠዋት በትንሽ ድስት አንድ እንቁላል ትቀቅላለች። ድስቷ ከጾም ዕቃ ጋር እንዳትነካካ ለብቻዋ መስኮት ላይ ትቀመጣለች።

«ወይኑ፣ ረፈድ ሲል ከድንች ጋር አድቅቀሽ አጉርሺው» ትላታለች ወደ ገበያ ስትወጣ። «ሕፃን አይጾምም። የንስሐ አባታችንም ፈቅደዋል።»

ወይንእሸት ግን ትጾማለች። ሰንበት ትምህርት ቤት መምህሩ «እስከ ስድስት ሰዓት የሚጾም ማን ነው?» ሲሉ እጇን ቀድማ የምታወጣ እሷ ናት። ልጆቹ «ጾመኛዋ» ይሏታል። ደስ ይላታል።

አንድ ቀን እንቁላሉን ስትልጥ ሆዷ ጮኸ። ጣቷ ላይ የቀረውን አስኳል ላሰች። ከዚያ ጥቂት ቆረሰች። ከዚያ ምንም አልቀረም። እናንተም ታውቁታላችሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር ጥቂት ላይ አይቆምም።

ፍቅረ ሥላሴ አፉን ከፍቶ ጠበቀ። ከዚያ አለቀሰ። ብስኩት ሻይ ውስጥ ነክራ ሰጠችው። ዝም አለ።

«በላልሽ?» አለች እናቷ ከገበያ ስትመለስ።

«በላ።»

በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ። ሦስት ሳምንት አለፈ። ልጁ ድንቹንም እየተፋ ብስኩት ብቻ ይጠይቅ ጀመር።

አንድ ሐሙስ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ብሩክታይት መጣች። ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ያለውን የክሳት መለኪያ ጥብጣብ በልጁ ክንድ ላይ ጠቀለለች። ፈታችና እንደገና ለካች።

«ማናለሽ፣ ባለፈው አረንጓዴ ነበር። አሁን ቢጫ ገብቷል። ቀይ ከደረሰ ሆስፒታል መተኛቱ ነው። እንቁላሉን ይበላል?»

«በየቀኑ።»

«ማን ነው የሚያበላው?»

«ወይኑ ናት። እሷ እኮ ከእኔ ትሻላለች።»

ወይንእሸት በሩን ይዛ ቆማለች።

ማናለሽ ድስቷን ከመስኮቱ አወረደች። «ጥፋቱ የኔ ነው። አባ ቢፈቅዱም ልቤ አልተቀበለውም ነበር። በሁዳዴ እንቁላል ቤቴ አስገብቼ እግዚአብሔር ተቆጣኝ። እስከ ፋሲካ ሁለተኛ አልቀቅልም።»

«ተይ እንጂ፣ ፋሲካ እኮ ገና አራት ሳምንት ይቀረዋል» አለች ብሩክታይት።

«በቃ፣ አልሰጠውም አልኩ።»

ወይንእሸት ወንድሟን አየችው። ዝም ካለች ከዛሬ ጀምሮ እንቁላል አያገኝም። ከተናገረች ደግሞ እሑድ «ጾመኛዋ» የሚላት አይኖርም።

«እማዬ፣ አልበላም» አለች።

«ማን?»

«እሱ። እኔ ነኝ የበላሁት። ለሱ ብስኩት ነው የሰጠሁት።»

ማናለሽ ድስቷን እንደያዘች ቀረች። ከዚያ ውኃ ሞልታ ጣደቻት። እንቁላሉ ሲበስል ልጁን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ነይ፣ እኔ እያየሁ አጉርሺው።»

የመጀመሪያውን ተፋው። ሁለተኛውንም ተፋው። «ቢኩት» እያለ አለቀሰ። ወይንእሸት ታገሠችው። ሦስተኛውን ዋጠ።

«ርቦሽ ነው?» አለች እናቷ ያን ጊዜ። «ብትነግሪኝ እኔ እከለክልሽ ነበር? አንቺስ ገና ልጅ አይደለሽ?»

«አዎ» ብትል በቀለላት። ወይንእሸት ግን አንገቷን ደፋች።

«የመጀመሪያ ቀን ራበኝ። ከዚያ ወዲህ ግን፣ ብነግርሽ ጾሜን ታስፈቺኛለሽ ብዬ ነው። ጾመኛዋ መባሉን ስለወደድኩት ተደብቄ በላሁ። ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

ልጆች፣ የታናናሾቻችሁን ምግብ ሳታጎድሉ አብሉ፤ እናንተም ሲርባችሁ ሳትደብቁ ለወላጆቻችሁ ንገሩ።