ሰክሯል ብላ

«አንቺ ለአባትሽ ባትደርሺለት ኖሮ ዛሬ ልቅሶ ላይ ነበርን!» አክስቷ በሆስፒታሉ ኮሪደር መሃል ልጅቷን እቅፍ አድርጋ ጉንጯን እያገላበጠች ሳመቻት። እናቷም እንባዋን በመሐረብ እየጠረገች «ወልዶ መሳም ለእንዲህ ያለው ቀን ነው» አለች።

በአሥራ አምስት ዓመት ዕድሜዋ ምስጋና እንደ እሾህ ሲወጋት ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ያን ቀን ወደ አባቷ ልብስ ስፌት ቤት የሄደችው አንዴ ሳይሆን ሁለቴ ነበርና።

መጀመሪያ የሄደችው ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ነው። «ቀጮ» የሚሏት የክፍሏ ልጅ ቀሚስ ልታሳጥር አብራት ነበረች። አባቷ የስፌት መኪናውን ተደግፎ ተቀምጧል። ሸሚዙ በላብ ርሶ ጀርባው ላይ ተለጥፏል። ከጠረጴዛው ሥር ሁለት ባዶ የቢራ ጠርሙሶች ይታያሉ። ጎረቤቱ ጫማ ሰፊ ልጁ ተመርቆለት «ደስታዬን ተካፈለኝ» ብሎ ያመጣቸው ናቸው፤ ይህን ግን የሰማችው በኋላ ነው።

«አባዬ፣ ጓደኛዬ ቀሚስ...»

ቀና ብሎ አያትና በአክስቷ ስም ጠራት። «ክሩ... ክሩን ወዴት...» ምላሱ ተሳሰረ። ሜትሩን ሊያነሳ ሲሞክር ከእጁ ወደቀበት።

ቀጮ ሳቋን በመዳፏ አፈነች። «ፋዘርሽን ሞቅ ብሏቸዋል መሰለኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። «ነገ እንመጣለን፤ ዛሬ ሥራ በዝቶበታል» ብላ ቀጮን እየገፋች ወጣችና ሰው እንዳያየው በሩን ገጠም አደረገችው። የስኳር ሕመምተኛ መሆኑ፣ በየጠዋቱ ሆዱ ላይ መርፌ ሲወጋ እያየች ማደጓ፣ ያኔ አንዱም ትዝ አላላትም። ያሳሰባት ነገ ክፍል ውስጥ የሚወራው ብቻ ነበር።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ንዴቷ በረድ ሲል ተመለሰች። አባቷ ከወንበሩ ወድቆ፣ ቀኝ እጁ ከሥሩ ታጥፎ ተዘርሯል። ብትጠራው፣ ብትነቀንቀው አይሰማም። ጩኸቷን ሰምቶ ጫማ ሰፊው ሮጦ መጣ። ተሸክመው ታክሲ ውስጥ አስገቡት።

ሐኪሟ ለቤተሰቡ ስታስረዳ ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ስኳር ሲያንስ ጉበት ካጠራቀመው እየለቀቀ ይደጉመናል። አልኮል ሲመጣበት ግን በእሱ ይጠመድና ያንን ሥራ ይተወዋል። እሳቸው ደግሞ ኢንሱሊን ወስደው ምሳ አልበሉም። ያልባቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይንተባተባሉ። ያየ ሁሉ ሰክሯል ብሎ ያልፋቸዋል። ራሳቸውን ሳይስቱ ሰው ደርሶ ለስላሳ ቢያጠጣቸው ኖሮ ምናልባት እዚህም ባልደረሱ።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ዓይኗን ከወለሉ ማንሳት አልቻለችም።

አባቷ በሦስተኛው ቀን ወጣ። የእጁ አንጓ ተሰብሮ ስለነበር ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ በጀሶ ታስሯል። ለአንድ ወር ተኩል መስፋት የለም። «ጥፋቱ የኔው ነው፣ በባዶ ሆዴ!» ይላል ራሱን እየነቀነቀ። ቀጥሎ ግን ፊቱ ይፈካል። «ነፍሴን የመለሰችው ይህች ናት!»

ቀጮ ነገሩን ስትሰማ «በቃ ተረፉ አይደል? ዝም በይ፣ ማን ያውቃል?» ብላት ነበር። ልጅቷም ዝም አለች። ዝምታው ግን ቀን በቀን እየከበደ ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት አባቷ በቃል እየመራት የአንድ ሽማግሌ ደንበኛ ሱሪ ትለካለች። አባቷ ያንኑ ወሬ እንደገና አንስቶ አወራላቸው። ሽማግሌው «ተባረኪ ልጄ!» ብለው መርቀዋት ወጡ።

«ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» አላት አባቷ።

ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ጀሶ የታሰረ እጁን አየች፤ ከዚያ ዓይኑን።

«አባዬ፣ ያልነገርኩህ ነገር አለ። ያን ቀን መጀመሪያ የመጣሁት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።»