የተበላው ጠርዝ

ቪዲዮ አቀናባሪው በስቱዲዮው ደረጃ ሥር አንገቱ ተቀጭቶ ተገኘ። ላይኛው ክፍል ኮምፒውተሩ እንደበራ ነው፤ ለሟች እናቱ መታሰቢያ የሚያዘጋጀው ፊልም ተከፍቷል፣ እያንዳንዱ ቅንጭብ ዙሪያውን በቀይ ጠርዝ ተከቧል።

መርማሪዋ ችኩል አይደለችም። አለቃዋ ግን «ተለማማጇን እሰሪያትና ይብቃ» ብሏታል፤ የሟች ታናሽ ወንድም «ስወጣ አብራው የቀረችው እሷ ናት» ብሎ ቃሉን ሰጥቷላ። ምስኪን ልጅ፤ ሙያ ያስተማራትን ሰው አልቅሳ ሳትጨርስ ገዳዩ ልትባል ነው።

«ስትወጣ ምን ይሠራ ነበር?» አለችው ወንድሙን።

«ጠርዝ እያስገባ ነበር። አጠገቡ ቁጭ ብዬ አየሁት እኮ፤ ቀዩን መረጠ፣ ውፍረቱን ጨመረ፣ አለቀ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። መርማሪዋ ያቺን ቃል ያዘቻትና ወደ ሚስትየው ዞረች።

«ምሳ ሳመጣለት በር ላይ ሆኜ ፊልሙ ላይ ቀይ ነገር አየሁ» አለች ሚስቱ። «ምንድነው ስለው ፊቱን አዞረብኝ። ለዋርሳዬ፣ ለዚሁ ለወንድሙ ነገርኩት። ሄጄ ልየው አለ።»

ተለማማጇ ዓይኗ አብጧል። «እኔ ወንድምየው ሲመጣ ነው የወጣሁት» አለች።

«ጋሼሽ ጠርዝ እንዴት ነበር የሚሠራው?»

«ከሥር ቀይ መደብ ያነጥፍና ምስሉን አሳንሶ ላዩ ላይ ያስቀምጠዋል። ፕሮግራሙ የሚሠራውን ጠርዝ አይወደውም፤ ‹ውፍረቱ ሲጨመር ወደ ውስጥ እየገባ ሰው ይበላል› ይለኝ ነበር። እኔም ሌላ መንገድ አላውቅም።»

መርማሪዋ ፊልሙን ጠጋ ብላ ደጋግማ አየችው። ከዚያ ሦስቱንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«እዚህ ጋ እናትየው ዳር ቆመዋል፤ ግማሽ ፊታቸውን ቀዩ ውጦታል። ሟች የገዛ እናቱን እንዲህ አይቆርጥም። አንተ ግን ውፍረቱን ሲጨምር በዓይኔ አየሁ አልከኝ። ያየኸው የራስህን እጅ ነው።»

«ልጅቷስ አትሠራውም?» አለ ወንድሙ።

«እሷ ብትሆን ምስሉን ታሳንሰው ነበር። ደግሞስ ምን ልትደብቅ? ቀይ የነበረው አንድ ቅንጭብ ብቻ ነው። እሱን አጠፋህና፣ ሚስቱ ‹ያ ቀይ የታለ?› እንዳትል ሌላውን ሁሉ በቀይ ከበብከው። ፕሮግራሙ ግን የቀድሞውን ቅጂ ራሱ ያስቀምጣል።»

ከፈተችው። በሰፊ ቀይ መካከል፣ ምንም ሳይቆረጥ፣ ወንድምየው አልጋ ላይ ያሉትን እናቱን በጥፊ ይመታል። ሚስትየው አፏን ያዘች።

«ለመንኩት» አለ ወንድሙ። «ደረጃው ድረስ ተከትዬ ለመንኩት። ዘመድ ሁሉ ይየው አለኝ፤ ገፋሁት።» ድምፁ ሻከረ። «ዓመታት ያገላበጥኳት፣ ያጠብኳት እኔ። እሱ ካሜራውን ክፍሏ ውስጥ ሰክቶ ይሄዳል። አንድ ቀን እጄ አመለጠኝ፤ ከዚያ ሁሉ ቀን ያቺን መርጦ ከበባት።»

መርማሪዋ አዘነችለት፣ ማዘኗም አናደዳት። ልጅቷን ወደ ቤትሽ ሂጂ አለቻት።

«እባክዎ፣ እሱን ብቻ ያጥፉልኝ» አለ ወንድሙ እጁን ለካቴና እየሰጠ።

«አሁንማ ማስረጃ ነው» አለችው። «ችሎት ላይ ዘመድህ ሁሉ ቁጭ ብሎ ያየዋል።»