ታንክ ውስጥ የገባው ጠበል

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሣ ከመሃል ተነሥቼ የምሄድ ሰው ነኝ፤ ድምፅ ሰማሁ፣ ጥላ አየሁ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ "ስንት ጠጥተህ ነበር?" ብዬ ነው የምጀምረው፣ በዚህ ጠባዬ ባለቤቴ ራሷ ስንት ጊዜ ተቀይማኛለች። ደግሞ ልብ በል፣ የሰው ገጠመኝ ሁልጊዜ ሌሊት ነው፣ መብራት በጠፋበት፣ ሰውዬው ብቻውን በሆነበት። የእኔ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ እዚሁ ባሕር ዳር አስፋልት ዳር ነው የሆነው። ብታምነኝም ባታምነኝም የሆነውን እነግርሃለሁ።

ሥራዬ መካኒክነት ነው፣ ወደ ዱርቤቴ በሚያስወጣው መንገድ ላይ ትንሽ ጋራዥ አለችኝ። ነዳጅ በጠፋ ቁጥር የእኔ ገበያ ይደራል፣ ምክንያቱም ሹፌሩ ካገኘበት ይቀዳል፣ ያገኘው ደግሞ ውሃ ወይ ላምባ ወይ ዝቃጭ የገባበት ይሆናል፣ ከዚያ ታንኩን ማጠብ፣ ፊልትሮ መቀየር የእኔ ፈንታ ነው። ናፍጣ ውስጥ ምን እንደተቀላቀለበት በአፍንጫዬ ብቻ እናገራለሁ፤ ጉራ አትበለው፣ ከዳንግላ ድረስ በሃይላንድ ይዘው "አሽትትልን" እያሉ የሚመጡ አሉ።

አያ ውባለ የቆየ ደንበኛዬ ነው፣ የዱርቤቴ ሰው፣ ባለ አሮጌ የጭነት መኪና፣ በዕድሜ ዐሥር ዓመት ይበልጠኛል። ሚስቱ እታለማሁ ከሁለት ዓመት በፊት ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሶ ግማሽ ጎኗም ምላሷም ተያዘ፤ የሚባለውን ሁሉ ትሰማለች፣ መናገር ግን የለም። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አድርገው ሲያበቁ፣ ጣና ውስጥ ደቅ ደሴት ያሉ አንድ አባት ሰባት ቀን ሳይቋረጥ በባዶ ሆዷ የምትጠጣው ጠበል ሰጧት። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ከንፈሯን አንቀሳቅሳ "ው" አለች። "ስሜን ልትጠራ ነው" ብሎ አያ ውባለ በስልክ ሲነግረኝ ያለቅስ ነበር፣ እኔም እንዲህ ያለውን የማላምነው ሰውዬ "እሰይ" አልሁት።

ታዲያ ጠበሉ በስድስቱ ቀን አለቀ። የሰባተኛው በዚያው ዕለት በጀልባ ተላከለትና ወደብ ወርዶ በቢጫ ጀሪካን ተቀበለ፣ እግር እንዳይነካው ብሎ መሬት ሳያስቀምጥ ጋቢና ውስጥ ከወንበሩ ኋላ አኖረው። ከጎኑ ሌላ ቢጫ ጀሪካን ነበረ፣ ለክፉ ቀን ያስቀመጣት ናፍጣ። መቼም የእኛ አገር ሰው ዘይቱንም ጠላውንም ጠበሉንም ናፍጣውንም የሚይዘው በዚያው በአንድ ዓይነት ጀሪካን ነው። መኪናው ነዳጅ አጥሮታል፣ የሰውዬው ልብ ደግሞ ቤቱ ነው ያለው፣ አንዱን አነሣና ታንኩ ውስጥ ገለበጠ። ያወቀው ከተማውን አቋርጦ እኔ ጋ ሊደርስ ሲል፣ የጠበሉን ክዳን ላጥብቅ ብሎ ወደ ኋላ የላከው እጁ ናፍጣ ሲሸተው ነው።

መኪናው በራሱ ሞተር እየሄደ ነው ግቢዬ የገባው፣ ይህችን ያዝልኝ። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ታች ይተኛል፣ ሞተሩ የሚስበው ደግሞ ከታች ነው፤ ሊያልቅ የደረሰ ታንክ ውስጥ አንድ ጀሪካን ውሃ ገብቶበት ይህን ሁሉ መንገድ የሚሄድ መኪና አይቼ አላውቅም። እሱ ግን አንዴ እንኳ ሳያስለው መጣ።

"ታደለ፣ ጉድ ሆኛለሁ" አለኝ ሲወርድ፣ ከንፈሩ ደርቋል። "የእታለማሁን ጠበል ለመኪና አጠጣሁት።"

አልዋሽህም ሳቄ መጥቶ ነበር፣ ፊቱን ሳይ ዋጥሁት።

"ሌላ ይላኩልህ እንጂ" አልሁት።

"ጀልባው የሚመጣው በሳምንቱ ነው። አባ ደግሞ አንድ ቀን ከተቋረጠ ከንቱ ነው ብለዋል። ነገ ጠዋት ነው የምትጠጣው።"

ሠራተኞቼ ምሳ ወጥተዋል፣ እኔና እሱ ብቻ ነን። ከመኪናው ሥር ገብቼ የታንኩን ማፍሰሻ ብሎን ፈታሁና ጀሪካን ደቀንሁ። ኩልል ያለ ውሃ ወረደ። ጀሪካኑ ሞላ፣ ሌላ ተካሁ፣ እሱም ሞላ፣ ሦስተኛ ደቀንሁ።

"አያ ውባለ፣ ስንት ነው ያስገባኸው?"

"አንዷን ናታ፣ እሷም እስከ አፏ አልነበረችም።"

ዝናብ ገብቶ ይሆናል፣ ከማደያ ውሃ ሸጠውለት ይሆናል አልሁ በልቤ፤ መካኒክ ምክንያት አያጣም። ሦስተኛው ጀሪካን ሲጋመስ ግን ከታንኩ ውስጥ አንድ ነገር ቸፍ አለ። ትንሽ ቆየና እንደገና ቸፍ። ሐይቁ ዳር ቆሞ ታንኳ ሲቀዘፍ የሰማ ሰው ያንን ድምፅ አይስተውም፣ ጠልቆ የሚወጣ መቅዘፊያ ነው። ሞተሩ ጠፍቷል፣ ነፋስ የለም፣ መኪናው ድንጋይ ተደርጎለት ቆሟል። እጄን ታንኩ ላይ ሳሳርፍ ዝም አለ፣ ሳነሣ ቀጠለ፣ ሦስት ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ከዚያ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። አሁን አንተ ንገረኝ፣ ሁለት ክንድ በማይሞላ ታንክ ውስጥ ድምፅ ወዴት ነው የሚርቀው?

ውሃው አለቀና ናፍጣ መውረድ ሲጀምር ጀሪካኑን ፈጥኜ አነሣሁና ብሎኑን መለስሁ። በውሃና በናፍጣ መካከል ሁልጊዜ ድፍርስ ነገር ይኖራል፣ በዚህ ሥራ ስኖር ያ ድፍርስ ሳይኖር ቀርቶ አያውቅም። ያን ቀን አልነበረም።

ስወጣ አያ ውባለ ከጀሪካኖቹ አጠገብ ቁጢጥ ብሏል። ድምፁን ሰምቶ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

"እስቲ አሽትትልኝ" አለኝ። "ንጹሕ ነው ካልኸኝ ይዠላት እሄዳለሁ። መርዝ ነው ካልኸኝ እግር የማይረግጠው ቦታ ድፋው። ካንተ አፍንጫ በላይ የማምነው የለኝም።"

ጎንበስ ብዬ አሸተትሁ። ምንም የለም። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም አሸተትሁ። ጀሪካኖቹ የቆሸሸ ናፍጣ ስቀዳባቸው የኖርሁባቸው ናቸው፣ እነሱ ራሳቸው መሽተት ነበረባቸው፤ ግን አሁን ከምንጭ የተቀዳ ውሃ እንጂ ሌላ ነገር አፍንጫዬ አላገኘም።

ፈራሁ። ጠጥታ ትሞታለች ብዬ ብቻ አይደለም፤ ንጹሕ ነው ካልሁት፣ ታንኩ ውስጥ የሰማሁትንም ሰምቻለሁ ማለት ሊሆንብኝ ነው።

"ናፍጣ ነው" አልሁት። "ከባድ ነው፣ ብትቀምሰው አትተርፍም።"

አልተከራከረኝም። "እንግዲህ እሷ ያላት ይህ ነው" ብሎ ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዞረ፣ እኔም ሦስቱንም ጀሪካን ከአጥሩ ሥር ደፋኋቸው። ፊልትሮውን ፈትቼ ሳይ ጠብታ ውሃ አልነበረበትም፣ መልሼ ገጠምሁለትና ሄደ።

ከታንክ የወጣ ውሃ ለበሽተኛ ስጥ የሚል መካኒክ የለም፣ ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ። "ታንክ ውስጥ የገባ ውሃ አይጠጣም" ብል በቂ ነበር፣ እውነትም ነበር። እኔ ግን ይሸታል ነው ያልሁት።

እታለማሁ ዛሬም በሕይወት አለች። "ው" ያለችውንም እንኳ አልደገመችውም። አያ ውባለ በመጣ ቁጥር "አንተ ባትኖር በገዛ እጄ ገድያት ነበር" እያለ ያመሰግነኛል፣ ዱርቤቴ ከርሞ ከመጣ ማር ያመጣልኛል፣ እኔም እቀበለዋለሁ።

በቀደም ታዲያ ጎማ እያስነፋ እንዲህ አለኝ፣

"እንዳትቀየመኝ እንጂ አንድ ነገር ልንገርህ። ያንተን ስም ሳነሣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። የሌላ ሰው ስም ሳነሣ ደኅና ናት። እንዳዳንሃት ስንት ጊዜ ነግሬያት መሰለህ።" ከዚያ ሳቅ አለ። "ሕመም ነው፣ ምን ታረገዋለህ። ለማርያም ና እስቲ፣ ቤቴንም አታውቀው፣ ዓይንህን ስታይ ትተወዋለች።"

እሺ አልሁት። ያን ቀን ምን እንዳሸተትሁ ለባለቤቴም ነግሬ አላውቅም፣ ለሰው ስናገር ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የማርያም ዕለት ጋራዤን ከፍቼ ዋልሁ።