ሦስተኛው ቅጂ

ሲንቄ ያንን ወረቀት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልረሳችውም። ባሏ ሆርዶፋ ጭልሞ ጫካ ግንድ ሲያወርድ እግሩ ላይ የወደቀበት ጊዜ ነው። አምቦ ሆስፒታል ይዛው መጣች። አንድ ጸሐፊ ወረቀት ዘረጋላትና «ፈርሚ» አላት። ያኔ የምታውቀው አማርኛ ከገበያ ቃል አያልፍም ነበር። የአልጋ መያዣ መስሏት አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ ተጫነችው። በማግስቱ ሆርዶፋ ያለ እግር ነቃ።

«አንቺ ነሽ የፈረምሽው?» አላት። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ፣ ውሃ አምጪ ካላላት በቀር አላናገራትም።

እግሩ መቆረጥ ነበረበት ይሆናል። ሲንቄ ይህን አትክድም። የሚቆጫት ማንም ያላነበበላት መሆኑ ነው።

ያ ጸሐፊ ተሻለ ይባላል። አሁን፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ዓመተ ምህረት፣ ከአምቦ ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው የአካል ማገገሚያ ጣቢያ ኃላፊ ነው፤ ጓድ ተሻለ። ሲንቄ የዚያው ጣቢያ ጽዳት ናት።

ማክሰኞ ጠዋት ባልዲዋን ይዛ በሽተኞች ወደሚታከሙበት ገንዳ ክፍል ገባች። ከምንጩ ተጠልፎ በሚመጣው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስር አለቃ ቱፋ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር።

ቱፋ ጦር ግንባር ወገቡን የተመታ፣ ሰው ደግፎት ወይም ብረት ይዞ ብቻ የሚቆም ሰው ነበር። ሲንቄ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥራለች፤ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ያስተማራት ግን እሱ ነው። በተበላሸ ቅጽ ላይ፣ ካርቦኑ በመሃል እንዳለ። «ተጫኚ እንጂ አዴ ሲንቄ! ብዕሩን እንደ እንቁላል አትያዢው። ሦስተኛው ቅጂ ላይ ካልደረሰ አልጻፍሽም» ይላት ነበር።

እጁን ከውሃው አውጥታ ያዘችው። ቀዝቅዟል። እንደ ልማዷ አውራ ጣቱን አገላብጣ አየችና መልሳ አኖረችው። ከዚያ ባለጎማ ወንበሩን አየች። ከገንዳው አፍ ላይ ቆሟል። ሁለቱም ፍሬኖች ተይዘዋል። ሁለቱ የእግር ማሳረፊያዎች ግን እንደተዘረጉ ናቸው።

የጮኸችው ከዚህ በኋላ ነው።

በአራት ሰዓት ሃምሳ አለቃ ነገራ ከፖሊስ ጣቢያ መጣ። ጓድ ተሻለ ቢሮው ውስጥ አንድ ወረቀት አዘጋጅቶ ጠበቀው። ሲንቄ ኮሪደሩን እየወለወለች በተከፈተው በር ትሰማለች።

«ቱፋ ትናንት ድኖ ተሰናብቷል። ይኸው አሻራው፤ "ድኛለሁ፣ በራሴ ፈቃድ ወጥቻለሁ" ይላል። ያለ መዝገብ ገንዳ ያስገባችው ድንቅቱ ናት። ቁልፉ በእሷ እጅ ነው።»

«እርስዎ ጠዋት የት ነበሩ፣ ጓድ?»

«እዚሁ ወንበሬ ላይ። ጩኸት እስክሰማ አልተነሳሁም።»

ድንቅቱ የጣቢያው ረዳት ናት፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። በሚቀጥለው ሰኞ አዲስ አበባ ለፊዚዮቴራፒ የፈቃድ ፈተና ትቀመጣለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲንቄ መጽሐፉን እየያዘች ጠይቃታለች፤ ድንቅቱም «ሀርሜ»፣ እናቴ፣ ትላታለች።

«ሰው ከወንበር ከማንሳትሽ በፊት?»

«ፍሬን መያዝ። የእግር ማሳረፊያውን ማጠፍ። የማደርገውን በሚገባው ቋንቋ መንገር። ፈቃዱን መጠየቅ።»

«ይሄ ሕክምና ነው?»

«አይደለም ሀርሜ። ከሕክምናው በፊት የሚታወቅ ነው። ዕቃው፣ ጥንቃቄው፣ መዝገቡ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።»

«ፈቃዱን መጠየቅ» በተባለ ቁጥር ሲንቄ ገጹን ቶሎ ትገልጥ ነበር።

«ጠዋት የት ነበርሽ?» ሲል ነገራ ድንቅቱን ጠየቃት።

«ዕቃ ግምጃ ቤት። እያጠናሁ።»

«ማን አየሽ?»

«መጽሐፉ» አለችና አለቀሰች። «ቁልፉ እኮ ቢሮው ግድግዳ ላይ ምስማር ላይ ነው የሚውለው። ማንም ያነሳዋል።»

ሦስተኛው ተጠያቂ ቀንዓ ነው። ክራንች የሚጠርብ፣ ራሱም በሁለት ክራንች የሚሄድ ባለ አንድ እግር አናጢ።

«ትናንት ቱፋን እገልሃለሁ ብለኸዋል አሉ።»

«ብያለሁ። በቀን ሦስቴ ነው የምለው። ክራንቼን የበር መቀርቀሪያ ነው እያለ ይሰድበኛል» አለ ቀንዓ። ሊስቅ ብሎ ፊቱን አዞረ። «አሁን ማን ይስደበኝ?»

ሲንቄ ሥራዋ ወለል ነው። ሰው ፊት ለፊት ሲያይ እሷ እግር ታያለች። በጩኸቷ ሲሮጡ ከመጡት መሃል አንዱ እያነከሰ ነበር፤ በነጭ ካልሲው ላይም ቀጭን የደም መስመር ወርዶ ነበር። መወልወያዋን ግድግዳ ላይ አስደገፈችና ወደ ነገራ ሄደች።

«ሁሉንም ገንዳው ጋ ይጥሩልኝ።»

«አንቺ ማን ነሽ?»

«ወለሉን የማጥበው።»

ነገራ አያት። ምን እንዳሰበ እንጃ፣ ጠራላት።

ቱፋ በአንሶላ ተሸፍኖ ዳር ላይ ተጋድሟል። ሲንቄ ባለጎማ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ እግሯን ማሳረፊያው ላይ አደረገች።

«አንሱኝ» አለች። «መጀመሪያ አንቺ።»

ድንቅቱ እያለቀሰች ነው፤ እጇ ግን ሥራውን ያውቃል። ፍሬኑን ያዘች። የሲንቄን እግር አውርዳ ማሳረፊያዎቹን ቀጭ፣ ቀጭ አድርጋ አጠፈች። «ላነሳሽ ነው ሀርሜ። ይሁን?» አለች ሳታስበው።

«ይበቃል። ቀንዓ?»

«እኔ? አንድ እግር ይዤ አንቺን ካነሳሁ ሁለታችንም ገንዳው ውስጥ ነን።»

ሲንቄ ማሳረፊያዎቹን መልሳ ዘረጋች።

«ጓድ ተሻለ?»

«ይሄ ቧልት ነው! የምስክር ወረቀቴ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል!»

«ላፍታ ነው፣ ጓድ» አለ ነገራ።

ተሻለ ቀረበ። ፍሬኑን ያዘ። ከዚያ ሁለት እግሮቹን ወደ ኋላ አርቆ፣ ከወገቡ ተቆልምሞ፣ በብብቷ ሊይዛት እጁን ዘረጋ።

«እዚያው ይቁሙ» አለች ሲንቄ። «ለምን ራቁ? ማሳረፊያውን ማጠፍ አያውቁም። እንደሚመታ ግን ያውቃሉ። ጠዋት መትቶዎታል። ካልሲዎን ዝቅ ያድርጉ።»

«በር ነው የመታኝ።»

ነገራ ጎንበስ ብሎ የሱሪውን ጫፍ አነሳ። ሁለቱም ቅልጥሞቹ ላይ፣ በእኩል ቁመት፣ ቆዳው ተልጧል።

«በር ሁለቱን እግር እኩል አይልጥም» አለች ሲንቄ። «ቱፋ በራሱ ተነስቶ ቢሆን ማሳረፊያውን ያጥፍ ነበር። ሳያጥፍ ቢቆምበት ወንበሩ ወደ ፊት ይደፋል፤ ወንበሩ ግን ቆሟል። ስለዚህ ያነሳው ሰው ነው። ድንቅቱ ብትሆን ስታለቅስም ታጥፋለች፤ አይታችኋል። ቀንዓ አይችልም። ወረቀት ሰቅሎ፣ በሕይወቱ አንድ በሽተኛ አንስቶ የማያውቅ ሰው ነው ያነሳው። ውሃው ወገብ ድረስ ነው። እግር ለከዳው ሰው ግን ባሕር ነው።»

«ለምን ብዬ?» አለ ተሻለ።

«ወረቀት ስላነበበ። እናንተ "ድኛለሁ" እያሰኛችሁ የምታስፈርሟቸውን ወረቀቶች፣ ቱፋ ለየባለቤቱ በኦሮምኛ ያነብለት ነበር። ባለፈው ወር "ድኛለሁ" ያሰኛችሁት በሽተኛ፣ ጉዴ፣ የወንጪን ዳገት በዳዴ ነው የሚወጣው። ሐሙስ የዳኑትን ቁጥር የሚያጣራ ተቆጣጣሪ ከአዲስ አበባ ይመጣል። ቱፋ ሊነግረው ነበር፤ ለሁላችንም ብሏል።»

ከወንበሩ ተነስታ ከቀሚሷ ኪስ የታጠፈ ቅጽ አወጣች። የቱፋ የእጅ ጽሑፍ ነው።

«እኔን መጻፍ ያስተማረ ሰው ለምን አሻራ ያደርጋል? የሰው ስም መጠየቅ ሳይሆን አውራ ጣት መጎተት የለመደ ሰው ነው ይህን የሠራው። ደግሞ የዚያ ቀለም እኔ ጣት ላይ አራት ቀን ቆይቷል፤ አውቀዋለሁ። ትናንት ፈረመ ያላችሁት ሰው ጣት ንጹሕ ነው። የማን አሻራ እንደሆነ እንጃ።»

ተሻለ ቀኝ እጁን ኪሱ ከተተ።

ቀንዓ አንዱን ክራንች ከፍ አደረገ፤ ነገራ በእጁ መለሰው። ሲንቄ የነገራን ፊት አየች። ገብቶታል። አንድም የቀረው ነገር የለም፣ ገብቶታል።

«ሃምሳ አለቃ» አለ ተሻለ በዝግታ። «ቃል ስትቀበል የማንን እንደምትቀበል እወቅ። ማታ ከአውራጃው ኢሠፓ ጽሕፈት ቤት ጋር ስብሰባ አለኝ። ስምህን በምን ላንሳ?»

ነገራ ከገንዳው ዳር ካለ ጠረጴዛ ጋ ተቀመጠ። ቁጥር የተመታበትን ቅጽ አወጣ፤ ሦስት ገጽ፣ በመሃሉ ሁለት ካርቦን። ረጅም ጊዜ ጻፈ። አብሮት የመጣው ፖሊስ ድንቅቱን ክንዷን ይዞ ወደ መኪናው ወሰዳት። መጽሐፏ ብብቷ ውስጥ ነበር። ቀማትና ባለጎማ ወንበሩ ላይ ወረወረው።

«አዴ ሲንቄ፣ እዚህ ጋ አሻራ» አለ ነገራ። የማኅተሙን ቀለም ገፋላት።

«ያንብቡልኝ።»

«ያልሽው ነው።»

ወረቀቱን ሳበችው። ጣቷን ከፊደሉ ሥር እየጎተተች፣ እየቆመች፣ እየተመለሰች አነበበች። ተሻለ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አየ። «ሟች ... ሚዛኑን ስቶ ... በረዳት ድንቅቱ ቸልተኝነት ... ወደ ገንዳው የወደቀ መሆኑን ... አይቻለሁ።»

ነገራ አንገቱን ደፋ። «አራት ልጆች አሉኝ» አላት በኦሮምኛ፣ ሌላው እንዳይሰማ። «ማሎ፣ አዴ» ሲል ለመናት።

አመነችው። አዘነችለትም። ይህ ወረቀት አውራጃው ሣጥን ውስጥ ገብቶ እንደሚቀር፣ ድንቅቱ ሰኞ ፈተናው ላይ እንደማትቀመጥ፣ እሷም ነገ መወልወያ እንደማትይዝ ታውቃለች። ምናልባትም ዛሬ የምታድረው እስር ቤት፣ ከድንቅቱ ጋር ነው። ሐሙስ የሚመጣው ሰውም ከተሻለ ጋር ምሳ በልቶ ይመለሳል።

የቀለሙን ዕቃ ወደ ጎን ገፋችና ከነገራ ጣቶች መሃል ብዕሩን ወሰደች።

«አዴ ሲንቄ፣ ምን ልታደርጊ ነው?»

ከጽሑፉ ሥር፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ በትልልቅ ፊደል ጻፈች፦

አልተነበበልኝም። ራሴ አነበብኩት። ውሸት ነው። ቱፋን ገንዳ የከተተው ተሻለ ነው። ሲንቄ ቦጂያ።

«ኧረ ተይ! ሌላ ቅጽ የለኝም! ቁጥር ያለው ነው፣ አይቀደድም!» ነገራ ሊይዛት እጁን ዘረጋ፤ ግን አልነካትም። ተሻለ እያነከሰ መጣ።

ሲንቄ አልቸኮለችም። የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች፤ ካርቦኑን አነሳች። ሁለተኛውን ገለጠች፤ ካርቦኑን አነሳች። ሦስተኛው ላይ ፊደሎቹ ቀጥነዋል፣ ግን ሁሉም አሉ።

ወደ አንሶላው ዞረች።

«ደርሷል» አለችው።