ጠፍቷል፣ ና

ኤሌክትሪሺያኑን ፍሰሃን የገደለው መብራት ነው፤ የገደለው ደግሞ መርሳ ከዳር እዳር መብራት በጠፋበት ሰዓት ነው። ይህን የሰማ ሁሉ ያማትባል፤ የማያማትበው «አዑዙ ቢላህ» ይላል። ምን ይባላል ታዲያ! ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፣ ወፍጮው ቆመ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሰውየው ከጓሮው ግድግዳ ሥር በጀርባው ተዘርግቶ ተገኘ። ሁለቱም መዳፎቹ ተቃጥለዋል። መሰላሉ አጠገቡ ወድቋል።

መጀመሪያ የጮኸችው ዙልፋ ናት። ግድግዳው የእሷ ቤት ግድግዳ ነው። ጎረቤቶቿ ሬሳ አይታ ደንግጣለች ብለው ውኃ ረጯት። መደንገጡንስ ደንግጣለች፤ ቀትር ሲደርስ ግን የፈራችው ሬሳውን ሳይሆን ባሏን ነበር።

ግቢው የእማማ ሓረጉ ነው። ከትግራይ በልጅነታቸው መጥተው መርሳ ላይ ጨርቅ ሲነግዱ ያረጁ፣ አሁን ስኳር ሕመም ዓይናቸውን አድክሞት ቤት የዋሉ ሴት ናቸው። ሟቹ ፍሰሃ አንድ ልጃቸው ነበር። በመንገዱ በኩል ያለችውን ክፍል ፀጉር ቆራጩ ዳዊት ተከራይቷታል፤ የጓሮዋን ደግሞ ዙልፋና ባሏ አብዱልሐሊም። ሦስቱም ቤት በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል።

ፍሰሃ መስመር የሚጠግነው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነበር። የሱ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በዚያ አገር ብዙው ባለሙያ እንደዚያው ነው። ዋናውን ማጥፊያ አውርዶ ልሥራ ቢል የዳዊት ደንበኛ ግማሽ ራሱን ተላጭቶ ግቢውን በጩኸት ያናውጠዋል። ስለዚህ «ሲጠፋ ደውሉልኝ» ይላል። የዙልፋ ቤት ሽቦ ዝናብ ሲነካው እሳት መትፋት ከጀመረ ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ግን ፍሰሃ ሌላ ቦታ ነው። ሰኞ ዕለት አብዱልሐሊም ትዕግሥቱ አለቀና ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ይህ ሽቦ ልጄን አሚናን አንድ ነገር ካደረገብኝ ወላሂ አንተም በሕይወት አታድራትም!» አለው።

ዛሬ ሲጠፋ ደወለለት። «ጠፍቷል፣ ና» ነበር ያለው። ፍሰሃ በጓሮ በር ገብቶ መሰላሉን ተከለ። አብዱልሐሊም የሽቦ መጠቅለያ ናስትሮ ሊገዛ ወጣ። ዙልፋ ውስጥ አሚናን ታጠባ ነበር። እንደ ማንኛውም የመርሳ ሰው፣ መብራት ሲጠፋ ማብሪያውን አትነካም፤ ሲመጣ በዚያ ታውቃለች። ድንገት አምፖሉ በራ። «መጣ!» ብላ በደስታ ጮኸች። ወዲያው ከውጭ አንድ ከባድ ነገር ወደቀ።

ስትወጣ አብዱልሐሊም ደርሷል። ሬሳውን አየ፣ በመስኮት አምፖሉን አየ፣ ከዚያ በግቢው ፊት ለፊት ወዳሉት ክፍሎች ሮጠ። አምፖሉ ጠፋ። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል።

ሬሳው ከተነሣ በኋላ ለአሚና አጥሚት ልትሠራ እጇን ዱቄት ጆንያ ውስጥ ስትሰድ ጠንካራ ነገር ነካች። የመብራት ገመድ ነው። በሁለቱም ጫፍ ግድግዳ ላይ የሚሰካ ጥርስ አለው። ያ አላህ! ጠዋት እዚያ አልነበረም። ጆንያውን የሚነካው ከእሷና ከባሏ በቀር ማን አለ? እጇን እስከ ክርኗ ሰዳ ከታች ቀበረችው።

ኢንስፔክተር ፈይሩዝ ከወልዲያ የደረሰችው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። አጭር፣ አምሳ ዓመት የሞላት፣ የገባችበትን ቤት ማብሪያ ሁሉ ቀጭ ቀጭ ማድረግ የምትወድ ሴት ናት። የመርሳው ሳጅን ኡበይደላ ሥራውን ጨርሶ ነበር የጠበቃት።

«መብራቱ ለአንድ ደቂቃ መጥቶ ሄዷል። ሰውየው ሽቦውን ይዞ ነበር። የአላህ ውሳኔ ነው» አላት።

«አንድ ደቂቃ ሙሉ? ደግ ነገር ነው፤ ወልዲያ እንኳ እንዲህ አልተቆጠረልንም» አለችና ወደ ዳዊት ዞረች። «አንተስ ምን አየህ?»

«ሬዲዮዬን ሁሌ እንደተከፈተ ነው የምተወው። ዛሬ ዜናውን ጀመረና ሁለት ቃል ሳይጨርስ ጠፋ። ሳጅኑ ያሉት እውነት ነው።»

«ከፍሰሃ ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

ዳዊት መቀሱን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ክፍሉን ልቀቅ ብሎኝ ነበር። ግን ለዚህ ሰው ይገደላል እንዴ? ምነው እርስዎ!»

ፈይሩዝ መንገዱን ተሻግራ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄደች። እህል የያዙ ሴቶች ከጠዋት ጀምረው ተሰልፈዋል።

«ለአንድ ደቂቃ መጥቶ ነበር አሉ፤ እውነት ነው?» ስትል ጠየቀች።

«የት አባቱ መጥቶ! ከሦስት ሰዓት ወዲህ ብልጭም አላለም። ዓይናችንን ከአምፖሉ ላይ ነቅለን እናውቃለን?» አለቻት አንዷ።

ተመልሳ ቆጣሪው ሥር ቆመች። ዋናው ማጥፊያ ወርዷል። እጀታው ላይ ቀይ ክር ታስሯል። ከዚያ በግቢው ፊት ለፊት ያለውን የፍሰሃን የሥራ ክፍል አየች። የከባድ መኪና ባትሪ አለ፤ አጠገቡ የባትሪን ጉልበት ወደ ቤት መብራት የሚለውጥ ሳጥን፣ ኢንቨርተር የሚሉት፣ ተቀምጧል። የሳጥኑም ቁልፍ ላይ ቀይ ክር አለ። ከሳጥኑ ወደ ግድግዳው የሚሄድ ገመድ ግን የለም። ቀጥላ ከሚያለቅሱት ሴቶች መሀል ተጎንብሳ እማማ ሓረጉ ቤት ገባች፤ ማቀዝቀዣውን ከፍታ የስኳር መድኃኒቱን ብልቃጦች አየችና ቀስ ብላ ዘጋችው። ስትወጣ ፊቷ ጠቁሯል።

በመጨረሻ ወደ ዙልፋ መጣች።

«አምፖሉ ሲበራ ባልሽ የት ነበር?»

«ሱቅ… ናስትሮ ሊገዛ።»

«ከሬሳው ቀጥሎስ ወዴት ሄደ?»

«አላየሁም» አለች ዙልፋ።

ፈይሩዝ ክንዷን ያዘቻት። «እህቴ፣ ዱቄት የሚቀዳ ሰው እጁ ይነጣል። አንቺ እስከ ክርንሽ ነጥተሻል። ጆንያው ሥር ምን አለ?»

ዙልፋ ልጇን አቅፋ፣ አባቷ በካቴና ሲሄድ አሚና ምን እንደምትል ታስብ ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ፈይሩዝ ሁሉንም ጓሮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እማማ ሓረጉን ግን ከቤት እንዳይወጡ ሴቶቹን አስጠንቅቃ ነበር። ገመዱ ከነዱቄቱ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። አንደኛው ጫፉ ላይ ቀይ ክር ታስሯል።

«ወፍጮ ቤቱ ብልጭ አላለም፤ ዙልፋና ዳዊት ቤት ግን በርቷል» አለች። «ስለዚህ መብራት ወደ መርሳ አልመጣም፤ ወደዚህ ግቢ ብቻ ነው የመጣው። ዋናው ማጥፊያ ደግሞ ወርዷል። እሱ ከወረደ ከውጭ ምንም አይገባም። እንግዲያው ከውስጥ ነው የመጣው። ከዚያ ባትሪ።»

«ገመዱ አንድ ጫፉ ሳጥኑ ላይ፣ አንድ ጫፉ ግድግዳው ላይ ሲሰካ በግቢው ሽቦ ሁሉ ውስጥ ይሄዳል። ፍሰሃ የተላጠውን ሽቦ በሁለት እጁ ይዞ ነበር። ገመዱን ሰው ሰክቶታል፤ በኋላ ደግሞ ሰው ነቅሎ ደብቆታል።»

ሳጅን ኡበይደላ ወደ አብዱልሐሊም ዞረ። «ሰኞ የዛትክ አንተ። ‹ጠፍቷል፣ ና› ብለህ የጠራኸው አንተ። ገመዱ የተገኘው ካንተ ጆንያ።» ካቴናውን ከወገቡ ፈታ።

«የምናገረው የለኝም» አለ አብዱልሐሊም።

«ተናገር እንጂ!» ዙልፋ እግሩ ሥር ወደቀች። «ስለ አላህ ተናገር! ልጅህን ለማን ትተህ ነው? እኔንስ?»

እሱ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም።

ፈይሩዝ ጠጋ አለችው። «የነቀልከው አንተ ነህ። የሰካኸው ግን አንተ አይደለህም» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሦስት ቦታ ቀይ ክር አይቻለሁ። ማጥፊያውን፣ ገመዱንና ቁልፉን ለይቶ ለማወቅ አንተ ክር አያስፈልግህም። ዳዊትም አያስፈልገውም። ዝም ያልከው ለማን እንደሆነ አውቄያለሁ፤ ግን እኔ ብቻ ባውቅ አያድንህም…»

«ቀይ ክር?»

ሁሉም ዞሩ። እማማ ሓረጉ ከሴቶቹ እጅ አምልጠው፣ ግድግዳውን እየዳበሱ ደርሰዋል። ወደ በርጩማው ሄደው ገመዱን በጣታቸው ፈለጉ፤ ክሩን ሲያገኙ ያዙት።

«ይህ የኔ ክር ነው። ትናንት ማታ ፍሰሃ ያሰረልኝ። ‹መድኃኒትሽ እንዳይበላሽ› ብሎ። ‹እማ፣ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ክር ያለበትን ማጥፊያ አውርጂ፤ ቀጥለሽ ገመዱን ሰኪ፤ ቀጥለሽ ቁልፉን ተጫኚ› አለኝ። ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ዛሬም አንድ ሳላጎድል አደረግሁ። እሱ ውርጌሳ ለሥራ…»

ቃላቸው እዚያ ላይ ተቋረጠ።

«ውርጌሳ አልሄደም፤ መናኸሪያ መኪና ሲጠብቅ ነው የደወልኩለት» አለ አብዱልሐሊም እያለቀሰ። «እርስዎም ሚካኤልን ሊያነግሡ የሄዱ መስሎት ነበር፣ እማማ። በጓሮ በር ነው የገባው።»

«ዝናቡ… የንጋቱ ዝናብ አስቀረኝ» አሉ።

ፈይሩዝ ራሷን ነቀነቀች። «ሁለታችሁም መብራት እስኪጠፋ ትጠብቁ ነበር። እሱ ሽቦውን ለመያዝ፣ እርስዎ ገመዱን ለመሰካት። እሰካለሁ ወይም መሰላል እወጣለሁ ብሎ የሚጣራ አልነበረም። ይኸው ነው፣ እናቴ። ገዳይ የለም።»

እማማ ሓረጉ የአብዱልሐሊምን ፊት በሁለት እጃቸው ዳሰሱት። «እኔ እንዳልሰማ ነው ዝም ያልከው? ለኔ ብለህ ልትታሰር?»

ሳጅኑ ካቴናውን ወደ ወገቡ መለሰ። ዙልፋ ባሏን ቀና ብላ አየችው፤ ከጠዋት ጀምሮ ምን ስታስብበት እንደዋለች ትዝ ብሏት አፈረች። እሱ ተርፎላታል። ተነሥታ አሮጊቷን ደግፋ ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠች።

እዚያው እንዳሉ መብራት መጣ። ወፍጮው አጓራ። ከሠፈሩ ሁሉ፣ ከአስፋልቱ ማዶም ሳይቀር፣ «መጣ!» የሚል ጩኸት ተነሣ። ዋናው ማጥፊያ እንደወረደ ስለነበር ያ ግቢ ብቻ አልበራም።

እማማ ሓረጉ ግን ጩኸቱን ሲሰሙ ከዙልፋ እጅ ተፈናጥረው ተነሡና ፊታቸውን ወደ ጓሮው ግድግዳ አዞሩ።

«ፍሰሃ ወደይ! ፍሰሃ ልጄ! ውረድ! ውረድ!»